ጋሼ ይልማን ከገበጣ ለማስነሳት

በ2015 ዓ.ም.፣ ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። የወረድኩት ለመዝናናት አልነበረም። ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ይልማን ይዤ ለመመለስ ነው። ጋሼ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ሰውን በድምፁ ካልሆነ መለየት ካቆሙ ቆይተዋል። እኛ ከተማ ሞራ የሚያነሳ ሐኪም መጣ ሲባል ለዓርብ ጠዋት ቀጠሮ ያዝኩላቸው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት ጋሼን ሐኪሙ ደጃፍ ማድረስ። ሰኞ ወርጄ ማክሰኞ እመለሳለሁ ብዬ፣ ለቤቴ የሁለት ቀን ወጥ ሠርቼ ወጣሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ። መንገዱ ግን አናደደኝ። ከመንገዱ የባሰ ያናደደኝ ገበጣ ነው። ትልቅ ሰው ለጨዋታ ጊዜ ይስጥ ብዬ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው ትንሽ ያሳፍረኛል። ቆላ ወርደው ለማያውቁ የማኅበር እህቶቼ የሆነውን እንደሆነው ልንገራቸው።

ሰኞ

ሚኒባሱ ውስጥ ጠዋት በማለዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" ይላል። አንድ ሰው ይገባል። ረዳቱ እንደገና "አንድ ሰው ብቻ!" ይላል። በዚህ ዓይነት ረፋዱ ላይ ተነሳን።

በእኛ አገር ኅዳር ውርጭ ነው። ሹራብ ደርቤ፣ ከላይ ጋቢ ለብሼ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጌ ነበር። ጣርማበር ዋሻውን እስክናልፍ ድረስ ጉም ነው፤ አለባበሴ ልክ ነበር። ከዋሻው ወዲያ ግን አገሩ ገደል ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ የምበላበት ሰዓት ስላልደረሰ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በታች ሙቀቱ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት ብዙ ስታየኝ ቆይታ አላስቻላትም።

"እናቴ፣ ምነው እንዲህ ተጠቅልለው? ይታፈናሉ እኮ፤ ያውልቁት።"

አወለቅኩት። ማስቀመጫ ስላልነበረ ጋቢውን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ታቅፌ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ሄድኩ።

ቁልቁለቱን ልንጨርስ ስንል የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ፍሬኑ ግሏል። ሹፌሩ ዳር አውጥቶ አቆመና ጎማው ላይ ውሃ አፈሰሰ። "እስኪበርድ ነው" አለ። ወርደን ግራር ጥላ ሥር ቆምን። ረዳቱ ባዶ የውሃ ላስቲክ አገኘና በእግሩ መታው። ሹፌሩ መለሰለት። ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ፣ ትልቅ ቢሮ ያለው የሚመስል፣ ቦርሳውን "አንዴ" ብሎ እኔ ክንድ ላይ ጥሎ ገባ። ወዲያው ድንጋይ ተተክሎ ጎል ተሠራ። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች አስፋልት ዳር ላስቲክ ያባርራሉ።

"አይ ባለከረባት! ምን ሆነህ ነው የምትለቃት?"

"ጫማዬ እኮ ነው! ጫማዬ አንሸራትቶኝ ነው!"

ፍሬኑ በርዷል። እጄን አስጠግቼ አይቼዋለሁ። "ፍሬኑ በርዷል እኮ፣ ልጄ" አልኩት ለረዳቱ።

"አንድ ጎል፣ እናቴ! አንድ ጎል ብቻ!"

አንድ ማለት ለዚህ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ጠዋት አይቻለሁ። ባለከረባቱ በመጨረሻ አቧራ ለብሶ መጥቶ ቦርሳውን ሲቀበለኝ ሠርግ የጠራሁት ይመስል አመሰገነኝ። እስከ ሮቢት ድረስ መኪናው ውስጥ ሁሉም ሰው እርስ በርሱ ሲቀላለድ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ግን አንዱ ከአንዱ ጋር ቃል አልተነጋገረም ነበር።

ሸዋ ሮቢት የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። በእኛ ከተማ ሰው መንገድ የሚመርጠው ፀሐይ ያረፈችበትን ወገን ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ በቀጭኗ ጥላ ይሄዳል። ባጃጅ ያዝኩና "ጋሼ ይልማ ቤት፣ ከድሮው ወፍጮ ጀርባ" አልኩ።

"አሁን ቤት ምን ያደርጋሉ? ኒሟ ሥር ናቸው" አለ ባለባጃጁ። ሳይጠይቀኝ ወደዚያው ነዳው።

ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች በርጩማ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው በሁለት ረድፍ ጉድጓድ የተቆፈረበት የእንጨት ገበጣ አለ። አንዱ ወንድሜ ናቸው። ሌላው ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ሽንኩርትና ማሾ የሚያርሱ የወንድሜ የረጅም ዘመን ጎረቤት። ሐጂን ቀድሞም አውቃቸዋለሁ። ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው።

"አንተ ሌባ፣ መልሳት!" ይላሉ ወንድሜ።

"የቷን?"

"እጅህ ውስጥ ያስቀረሃትን። ስትወድቅ ካልሰማኋት አልወደቀችም።"

"ወላሂ፣ ያንተ ጆሮ ለአህያም ይበዛል!" አሉ ሐጂ ጠጠሯን ጉድጓዷ ውስጥ እየጣሉ።

ደነገጥኩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንቱ ካልሆነ ተባብለው አያውቁም።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?" አልኩ።

"ጽጌ? ጽጌ ናት?" ፊታቸው በራ። ሊነሱ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። "ቆይ እህቴ፣ እጄ ላይ ጠጠር አለ።"

ከተያየን ሁለት ዓመት አልፎናል። ጋቢዬን ታቅፌ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

ሐጂ ፊቴን አይተው ሳቁ። "እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። እንዳትደነግጪ። እዚህ ገበጣ ላይ አንቱ የለም፣ ይሉኝታም የለም። የተባለውም እዚሁ ይቀራል። የአስር ሶላት ሲደርስ ተነስተን እንደገና ሰው እንሆናለን።"

እውነትም አዛን ሲሰማ ሁለቱም ተነሱ፤ ልብሳቸውን አራገፉ። "ይበርቱ ጋሼ ይልማ" አሉ ሐጂ። "እርስዎም ይበርቱ ሐጂ" አሉ ወንድሜ። ከዚያ ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አቀፉኝ፤ ፊቴን በጣታቸው ዳሰሱ። "ከስተሻል" አሉኝ።

የጋሼ ባለቤት እትዬ አስካለ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስነከሩኝ፤ ካልሲዬን ሲያዩ አንገታቸውን ነቀነቁ። አልጋቸውን ለኔ ለቀቁልኝ። አልጋው ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር፣ በአጎበር ተሸፍኖ ነው። ቤት በሦስት ብርድ ልብስ የምተኛ ሰው እዚህ አንሶላ ከበደኝ። ከመተኛታችን በፊት የዓርቡን ቀጠሮ አነሳሁ።

"እናያለን" አሉ ጋሼ።

ማክሰኞ

በማለዳ ማርያም ሄጄ ተሳለምኩ፤ ስመለስ ሻንጣዬን አሰናድቼ በር ላይ አስቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ የረፋዱ መኪና ይሻለናል።"

"ማሾው ሳይሰበሰብ?"

"ማሾው የሐጂ አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ ማን ያግዛቸዋል?"

ዓይንዎ የማያይ ሰው ምን ያግዟቸዋል ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። አባታችን ሲሞቱ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በፊታቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። "ለምን ጋሼ? ምን ያሰጋዎታል?" አልኩ በለሰለሰ አፍ።

"ምንም። እናያለን።"

ማድቤት ገብቼ እትዬ አስካለን ጠየቅኳቸው። ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እዚህ ሰፈር አንድ ሰው ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ጨርሶ ጨልሞበት መጣ። ከዚያ ወዲህ ወንድምሽ ሐኪም ሲባል ይነሳሉ። ግን ፈራሁ አይሉም። አንድም ቀን ከአፋቸው አልወጣም። ምን ብዬ ላባብላቸው? ያልፈራ ሰው እንዴት ይባበላል?"

ጋሼ ከመድረሳቸው በፊት ኒሟ ሥር ሄጄ ሐጂን ለመንኳቸው። "እርስዎን ይሰማሉ። ይምከሩልኝ።"

"መክሬያለሁ" አሉ ሐጂ። "ምክር ያዳምጣል፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። በገበጣ ልያዘው።"

ጋሼ በዱላቸው እየዳበሱ መጥተው ሲቀመጡ ሐጂ ጠጠሩን እያከፋፈሉ "ዛሬ ካሸነፍኩህ ከእህትህ ጋር ትሄዳለህ" አሏቸው።

"አንተ? አንተ ካሸነፍከኝማ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው። ትናንት ስንት ጠጠር ይዘህ እንደገባህ ግን ለእህቴ ንገራት።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መቁጠሪያዬን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። ጌታ ሆይ፣ ሐጂ ያሸንፉ አልኩ። ሐጂ ሰይድ ወንድሜን በገበጣ እንዲረቱልኝ በነቢያት ጾም ጸልያለሁ። ይህንን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ሐጂ ተሸነፉ። ያውም ወዲያው። ወንድሜ ጣታቸውን በጉድጓዶቹ ላይ እንደ ሸማኔ ያስኬዳሉ፤ ሳይነኩ የሚያልፉት ጉድጓድ የለም፤ ከየትኛው ማንሳት እንዳለባቸው በእጃቸው ያያሉ። ሐጂ ሁለት ዓይን እያላቸው የሚያዩት የለም። በጣም ተናደድኩ። ማንን እንደምቆጣ ግን አላውቅም።

ከሶላት በኋላ ሐጂ ቤት ተጠራን። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሥጋው ይለየናል፤ በጾም ጊዜ ግን አንድ ገበታ መቅረብ እንችላለን። ልጃቸው ዘሃራ የማሽላ እንጀራና የማሾ ወጥ አቀረበችልን። "ድስቱ አዲስ ነው እትዬ ጽጌ" አለችኝ ጎንበስ ብላ። "ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ስለ እርስዎ ብዬ ነው ያወጣሁት።" እግዚአብሔር ይስጣት። እኔ ቤት እንግዳ ሲመጣ እንዲህ አስቤ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። "ሐጂ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው፣ ልጅ ያደረሰ፣ መስጊድ የሚሄድ፣ በየቀኑ ገበጣ ላይ መዋል ደግ ነው?" አልኳቸው። ገበጣው አጠገብ ስላልነበርን ሐጂ ቁጥብ ሆነው ነበር።

"ከቀትር እስከ አስር እዚህ አገር ሥራ የለም፤ ፀሐዩ ሰው ይገድላል" አሉ። "ያን ጊዜ ሰው ወይ ይተኛል፣ ወይ ይጣላል፣ ወይ ይጫወታል። ተኝተን አየነው። ተጣልተንም አየነው።"

ዘሃራ ፓፓያ ቆርጣ አመጣች።

ረቡዕ

ረቡዕ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር። ሐሙስ ጠዋት መኪና ካልያዝን ቀጠሮው አለፈ። ወደ ቤቴ ደውዬ ወጡ እንዳለቀ ሰማሁ። ጠዋቱን ሙሉ ጋሼን ስለምናቸው "እናያለን" አሉኝ። እንዲያውም በሦስተኛው ላይ "እህቴ፣ ብዙ አታስቢ" አሉኝ፣ እኔ ነኝ የታመምኩት ይመስል።

በቀትር ሐጂ ውርርዱን ደገሙት፤ ጋሼም እየሳቁ ተቀበሉ። የዛሬው ግን ሌላ ነበር። ሐጂ አይቀልዱም፣ አይሰርቁም። አጎንብሰው ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። የጋሼ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ባዶ እየሆኑ መጡ። የጋሼ እጅ ዘገየ። መቁጠሪያዬን ይዤ ተነስቼ ቆምኩ። እትዬ አስካለም ከቤት ወጥተው መጡ።

"ምነው ዝም አልክ?" አሉ ሐጂ። "ያ አፍህ የት ሄደ? ደብረ ብርሃን ቀድሞህ ወጣ?"

ይህን ጊዜ የሐጂ ስልክ ጮኸ። አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ። "ኢና ሊላሂ" አሉ ቀስ ብለው። የአጎታቸው ልጅ ካራቆሬ አጠገብ አርፏል። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፤ አሁን መነሳት አለባቸው።

"አላህ ያጽናዎት" አልኩ። ከልቤ ነው። ግን አልዋሽም፣ ዓይኔ ገበጣው ላይ ነበር። ምን ያህል እንደተናደድኩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። በሕይወቴ አንድ ቀን ሰው በገበጣ እንዲያሸንፍ ፈለግኩ፤ እሱም ሊሆን ሲል ይህ መጣ።

ሐጂ ተነስተው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ጽጌ፣ ነይ በኔ ቦታ ተቀመጪ።"

"እኔ?"

"እዚህ የተጀመረ ጨዋታ አይጣልም። የሚነሳው ሰው ተተኪ አስቀምጦ ይነሳል። ተተኪ ከሌለ ያሸነፈው የቀረው ነው።"

"ሐጂ፣ እኔ የልጆች እናት ነኝ። ደግሞ ጾም ላይ ነኝ።"

"ጾሙ ጠጠር አታንሱ ይላል እንዴ?" አሉ ወንድሜ ከበርጩማቸው።

ሐጂ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እኔ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩ። ጠጠር አንስቼ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጣልኩ፤ እጄ ከልጅነቴ ጀምሮ ያላደረገውን አልረሳም።

"ተራዎ ነው ጋሼ" አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን አጣጠፉ። "እዚህ ጋሼ የሚባል ሰው የለም።"

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ ይጫወቱ።"

"አልሰማሁም።"

"እንዴት ነው እርስዎን..."

"አስካለ፣ ገበጣው ላይ ማን እንደተቀመጠ ታውቂያለሽ? የሚናገር የለም።"

እትዬ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። "በይው! ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ በየቀኑ አንተ ብለው ደስ ይለኝ ነበር" አሉኝ። ፀሐዩ ከላይ፣ ንዴቱ ከውስጥ። በመጨረሻ ከጉሮሮዬ እንደ ሳል ወጣ።

"ተራህ ነው!"

"እንዲህ ነው እንጂ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

መጀመሪያ በንዴት ነው የተጫወትኩት። የሐጂን ድካም እንዳላበላሽ ፈራሁ፤ በፈራሁ ቁጥር አበላሸሁት። "የእናንተ አገር ውርጭ አንጎል ያደርቃል መሰለኝ" አሉ ጋሼ ጠጠሬን እያፈሱ። "ያንተን ሙቀቱ ካቀለጠው ይሻላል" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እትዬ አስካለ ጮኸው ሳቁ። ጋሼም ሳቁ፤ ልጅ ሳለሁ እንደሚስቁት፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅኩ። ነጠላዬ ከራሴ ወርዶ ትከሻዬ ላይ መውደቁን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሰዓት ደጋግሜ የማይ ሴት ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሄዶ አላወቅኩም።

አንድ ጊዜ ጥሩ ጠጠር ወሰድኩባቸው። ሙሉ ጉድጓድ ነው። የሞቀው አፌ ቀደመኝ።

"ዓይንህን ለሐኪም መስጠት ፈርተህ ነው አይደል? ማሾ ምናምን ትለኛለህ። ፈሪ ነህ።"

እትዬ አስካለ ሳቃቸውን አቆሙ። እኔም ደነገጥኩ። በአንቱ ቢሆን ይህ ነገር ከአፌ ሊወጣ አይችልም ነበር። አሳዳጊ ወንድምን ፈሩ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

ጋሼ እጃቸው ጉድጓዶቹ ላይ ቀረ።

"ፈርቻለሁ" አሉ።

የአንዱን ጉድጓድ ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ ቀጠሉ።

"አሁን ጥላ አያለሁ። ሰው ሲመጣ እንደ ጭስ ሆኖ ይታየኛል። ጠዋት መሆኑን አውቃለሁ። ያቺንም ቢወስዷትስ? ያ ሰውዬ እኮ በእግሩ እየሄደ ነው የሄደው፤ ሲመለስ ልጁ መርቶ ነው ያመጣው።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አልኩ። "ሌሊቱን ሳስብ ነው የማድረው። ግን ብቻህን አትሆንም።"

"ሐኪሙ አብረሽኝ ያስገባሻል?"

"አያስገባኝም። በሩ ላይ እቀመጣለሁ።"

"ብርድ ነው እኮ እዚያ።"

"እኔ ነኝ የለመድኩት። ተጫወት።"

ተጫወቱ። ያለ ርኅራኄ ረቱኝ። ሐጂ የወሰዱባቸውን ጠጠር ሁሉ መልሰው ሰብስበው፣ የመጨረሻዋን ጠጠር ከፊቴ አንስተው፣ "ለሐጂ ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?" አሉኝ። በውርርዱ መሠረት አይሄዱም ማለት ነው። ቆላ ከወረድኩ ጀምሮ የያዝኩት ንዴት ሁሉ ገነፈለ፤ ልናገር ስል አዛን ተሰማ። ጋሼ ተነሱ፤ ሱሪያቸውን አራገፉ፤ ዱላቸውን ፈለጉ። ከዚያ በሌላኛው፣ በቤት ድምፃቸው፣

"ጽጌ፣ የነገው መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አሉኝ።

"በጠዋት ነው ጋሼ" አልኩ። "እርስዎ ብቻ ተዘጋጅተው ይደሩ።"

ሐሙስ

ሐጂ ከቀብር ተመልሰው፣ ዓይናቸው እንደቀላ፣ መናኸሪያ ድረስ መጡ። ዘሃራ ፓፓያ በፌስታል ልካልኛለች።

"ማን አሸነፈ?" አሉ ሐጂ።

"እኔ" አሉ ጋሼ።

"ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?"

"አሸናፊ የፈለገውን ያደርጋል።"

ሐጂ እጃቸውን ያዙና ብዙ ቆዩ። "አላህ ብርሃንዎን ይመልስ" አሉ። "ብቻ አይቸኩሉ። ካዩማ ከእንግዲህ አልችልዎትም።"

"እስከ ዛሬስ መቼ ቻሉኝ?" አሉ ጋሼ።

መኪናው በሰዓቱ ተነሳ፤ ፍሬኑም ደህና ነበር፤ ተመስገን። ጣርማበር ስንደርስ ጋሼ ጥርሳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሦስት ቀን ተሸክሜው የዞርኩት ጋቢ ያን ጊዜ ሥራ አገኘ። ስለ ሐኪሙ ምንም አልተነጋገርንም። ማታ ባለቤቴ የጋሼን እግር አጥበው አልጋችንን ለቀቁላቸው።

ዓርብ በማለዳ ሐኪም ቤቱ ግቢ ደረስን። ብዙ ሰው ቀድሞን ነበር። ውርጩ መሬቱ ላይ ገና አልቀለጠም። ጋሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "ደህና ነዎት ጋሼ?" አልኳቸው። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ዱላቸውን ግን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አልለቅም አሉ።

ተነሳሁ። በሩ አጠገብ ሣር ያልበቀለበት መሬት ነበር። ቁጭ ብዬ በቤቴ ቁልፍ በሁለት ረድፍ ትናንሽ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ከአጥሩ ሥር ጠጠር ለቀምኩ። የማኅበራችን አንዲት እህት ወረፋው ላይ ነበሩ፤ አይተውኝ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። እኔም አላፈርኩም ማለት አልችልም። ጋሼን በክንዳቸው ይዤ አምጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እጃቸውን ጉድጓዶቹ ላይ አደረግኩላቸው።

"ጀምር" አልኩት።

ዳሰሱት። "ይህ ምን ጉድጓድ ነው? ወጥሽም እንዲህ ነው የሚሆነው?"

"ቅመሰውና ትናገራለህ። ጀምር።"

ጨዋታው ግማሽ ሳይደርስ ስማቸው ተጠራ። ነርሷ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። እጃቸው ላይ የነበሩትን ጠጠሮች መዳፌ ውስጥ ጨመሩልኝ፤ ጣቶቼን አጠፉና ገቡ። በሩ ተዘጋ።

እኔ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ገበጣውን አዩና ፈገግ ብለው በባዶው ቦታ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

"ይቅርታ አባቴ" አልኳቸው። "ሰው አለው።"